ቅዳሜን የሰጣቸው ማሽኑ አይደለም፦ ስለ አውሮፓ ኢንዱስትሪ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ አውሮፓ የኢንዱስትሪ አብዮት ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የጸሐፊው ብዕር ይፈሳል፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፣ ሲፈስ የሚያቆመው የለም። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የእንፋሎት ሞተር ተፈለሰፈ፤ ማሽን ድህነትን አባረረ፤ የተቃወሙት መሃይማን ነበሩ፤ መንግሥት እጁን ሰብስቦ በመቀመጡ ፋብሪካ አበበ፤ ባለ ፋብሪካዎቹም ሲበለጽጉ የሠራተኛውን ኑሮ በገዛ ፈቃዳቸው አሻሻሉ፤ ሃይማኖት ከሰመ፤ ሴት ነፃ ወጣች፤ የሕዝብ ባህል ግን ሞተ። መዝጊያቸው ደግሞ ለእኛ የተላከ ምክር ነው፦ «የመጀመሪያው ትውልድ መከራውን መቀበል ግዴታው ነው።»

ለሙግት ያህል እንኳ የማልክደው ነገር አለ። በረጅሙ ሲታይ አውሮፓዊው ከቅድመ አያቶቹ የተሻለ በላ፣ ለበሰ፣ ዕድሜውም ረዘመ። ጥያቄው ይህ በየትኛው መንገድና በማን እጅ መጣ የሚለው ነው። ጸሐፊው ለማሽኑ የሰጡት ምስጋና አብዛኛው የሚገባው ከማሽኑ ባለቤት ጋር ለተሟገተው ሰው ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማንቆርቆሪያው ልጀምር። ጄምስ ዋት በልጅነቱ የሚፈላ ማንቆርቆሪያ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ አይቶ የእንፋሎትን ኃይል አገኘ ይላሉ። ደስ የሚል ተረት ነው። ዋት የተወለደው በ1736 ነው፤ የቶማስ ኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር ግን በ1712 ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውኃ እየሳበ ነበር። ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ እንዲጠግን የተሰጠውን የኒውኮመን ሞተር ናሙና ሲመረምር ብዙ ሙቀት በከንቱ እንደሚባክን አስተዋለ፤ እንፋሎቱ ተለይቶ የሚቀዘቅዝበት ሌላ ዕቃ ጨመረለት፤ የፈጠራ መብቱንም በ1769 አስመዘገበ። የአንድ ጎበዝ መካኒክ ትልቅ ሥራ ነው። የአንድ ሕፃን ራእይ ግን አይደለም።

ከተረቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ እንፋሎት፣ ቀጥሎ ፋብሪካ፣ ከዚያ አዲስ ኅብረተሰብ ብለው ይደረድራሉ። ሪቻርድ አርክራይት በ1771 ክሮምፎርድ በምትባል የደርቢሸር መንደር የተከለው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ግን የሚሽከረከረው በወራጅ ውኃ ነበር። ከእሱ በኋላ የተተከሉትም ለብዙ ዓመታት ወንዝ እየተከተሉ ነው የተሠሩት። በክሮምፎርድ አዲስ የነበረው ደወሉ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ልጆች፣ አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው ቀንና ሌሊት በሁለት የ12 ሰዓት ፈረቃ ይሠሩ ጀመር።

ይህ ለዚያ ዘመን ሰው ምን ማለት እንደነበረ ለመረዳት የቀድሞውን ሸማኔ ማሰብ ያስፈልጋል። በቤቱ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚሠራ ሰው ነበር። ድሃ ነው፤ ነጋዴው ይበዘብዘዋል፤ የሥራ ቀኑም ረጅም ነው። ነገር ግን ሰኞን ሥራ ፈትቶ ሊውል፣ «ቅዱስ ሰኞ» እያለ ሊቀልድበት፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ሌሊቱን ሲሸምን ሊያድር ይችላል። ፋብሪካው ይህንን ወሰደበት። በስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ በልጅነቱ ፋብሪካ የሠራ አንድ ሰው በኋላ እንደጻፈው፣ አለቆቹ የፋብሪካውን ሰዓት ጠዋት ወደፊት፣ ማታ ወደኋላ ያዞሩት ነበር፤ ሠራተኛውም የእጅ ሰዓት መያዝ ይፈራ ነበር። ያን ጊዜ የእጅ ሰዓት ማለት በኪስ የሚያዘው መሆኑ ነው። ሰዓት የሚያውቅ ሠራተኛ አደገኛ ሠራተኛ ሆነ። በቀጣዮቹ ሰማንያ ዓመታት አውሮፓ ውስጥ የተደረገው ሙግት ገሚሱ ቀኑ የማን ነው የሚል ነበር፤ ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ገጽ አንድ አንቀጽ እንኳ አልሰጡትም።

አዳም ስሚዝንም ምስክር ጠርተውታል። ሥራ ሲከፋፈል 10 ሰዎች በቀን 48,000 ስፒል ይሠራሉ ማለቱ እውነት ነው። በዚያው በ1776 መጽሐፉ ውስጥ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሁለት ሦስት ቀላል ነገሮችን በመደጋገም የሚያሳልፍ ሰው አእምሮው ይደነዝዛል፣ መንግሥት ትምህርት ካላቀረበለትም የብዙኃኑ ዕጣ ይኸው ይሆናል ብሎ ያስጠነቅቃል። ምስክር ከጠሩ ቃሉን እስከ መጨረሻው መስማት ይገባል።

አሁን ወደ ላዳይቶች፣ ማለትም ወደ ማሽን ሰባሪዎቹ። ጸሐፊው «በመዶሻ ታሪክን ሊያቆሙ የሞከሩ ኋላ ቀሮች» ይሏቸዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስድቡ የቆየ ነው፣ ዛሬም አዲስ ቴክኖሎጂ ላይ ጥያቄ ያነሣ ሰው ሁሉ ይሰደብበታል።

እንቅስቃሴው የተነሣው በ1811 በኖቲንግሃምሸር፣ ካልሲ በሚሠሩ ሰዎች መካከል ነው። እነዚህ ሰዎች በምን ይሠሩ ነበር? በማሽን! የካልሲ መሥሪያ መኪና እንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው በ1589 ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረ መሣሪያ ነበር። ያስቆጣቸው አንዳንድ ነጋዴዎች በሰፊ መኪና ጨርቅ አሠርተው፣ ቆራርጠው፣ በካልሲ ቅርፅ እየሰፉ ርካሽና ቶሎ የሚተረተር ዕቃ መሸጣቸው፣ ሙያውን ያልተማረ ሰው በትንሽ ደመወዝ መቅጠራቸው፣ የቆየውን የሥራ ዋጋ መስበራቸው ነው። ሌሊት ወጥተው መኪና ሲሰብሩም እየመረጡ ነበር፤ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ዋጋ የሰበረውን ሰው መኪና አድቅቀው ደንበኛ ዋጋ የሚከፍለውን ሰው መኪና ሳይነኩ ይወጡ ነበር። ማሽን የሚጠላ ሰው እንዲህ አይመርጥም።

በሕግ በኩልም ሞክረዋል። በ1808 ሸማኔዎች ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ እንዲወሰን ጠይቀው ፓርላማው አልተቀበለም። በ1812 የካልሲ ሠሪዎቹን ሙያ የሚጠብቅ ረቂቅ በታችኛው ምክር ቤት ቢያልፍም የጌቶች ምክር ቤት ጣለው። ማኅበር መሥርቶ ደመወዝ መደራደር ደግሞ በ1799 እና በ1800 በወጡ ሕጎች ወንጀል ሆኖ ነበር። አቤቱታው አልተሰማ፣ ማኅበሩ የተከለከለ፤ ከመዶሻው በፊት ምን ቀርቷቸው እንደነበር ጸሐፊው ይንገሩን። መንግሥት የሰጠው መልስ በ1812 መኪና መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ሕግ ነበር። ገጣሚው ባይረን በጌቶች ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህንን ሕግ ለመቃወም ነው። በጥር 1813 ዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ከእነሱ ሦስቱ አንድ ባለ ፋብሪካ በመግደል የተፈረደባቸው ናቸው፤ እጃቸው ላይ ደም አልነበረም ብዬ አልከራከርም። የሌሎቹን ግን «ታሪክን ለማቆም» ሲሉ የሞቱ አድርጎ መጻፍ በሙት ላይ ማላገጥ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ኑሮ ወዲያው ተሻሻለ» የሚለው ነው። «ወዲያው» የሚለው ቃል ለስንት ትውልድ ነው? ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1840 ገደማ የእንግሊዝ ሠራተኛ የሚያመርተው ምርት እያደገ፣ ደመወዙ ግን የሚገዛው ነገር ብዙም ሳይጨምር እንደቆየ የምጣኔ ሀብት ታሪክ አጥኚዎች በሰፊው ይቀበሉታል። ልኩ ምን ያህል ነው በሚለው ይጨቃጨቃሉ፤ ጭቅጭቁ ግን «ጥቂት ነው ወይስ በጣም ጥቂት» የሚል ነው። በ1813 በብሪታንያ ከ2,400 የማይበልጡ የሽመና ማሽኖች እንደነበሩ ይገመታል፤ በ1833 ወደ 100,000 ደርሰዋል። በእጅ የሚሸምኑት ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በእነዚህ ዓመታት አንድ ቀን ተነሥተው ሥራ አልለወጡም፤ ልጆቻቸው ወደ ፋብሪካ እየገቡ፣ እነሱ ዋጋው በየዓመቱ በሚወርድ ሸማ ላይ አጎንብሰው እየተራቡ አለቁ።

ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤና ባቀረበው ዘገባ የማንቸስተር የቀን ሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የመሞቻ ዕድሜ 17 ዓመት ነበር፤ ሩትላንድ በምትባለው የገጠር አውራጃ 38። አሃዙ የሚያሳስት ጎን አለው፤ ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበትና ወጣት በበዛበት ከተማ አማካዩ ይወርዳል፤ አንድ ማንቸስተራዊ በ17 ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት አይደለም። ግን ራሱ ቻድዊክ በማንቸስተር የባለጸጎቹን አማካይ 38 አድርጎ መዝግቧል። የከተማው ሀብታም ከገጠሩ ድሃ ጋር እኩል ዕድሜ ነበረው ማለት ነው። ገንዘብ እንኳ ከዚያ ውኃና ከዚያ አየር አላስመለጠም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ «መንግሥት እጁን ሰበሰበ፤ ባለ ፋብሪካው በፈቃዱ አሻሻለ»።

የእንግሊዝ መንግሥት እጁን የሰበሰበው መቼ ነው? በ1721 የታተመ የጥጥ ጨርቅ ማልበስም መልበስም የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ የሕንድ ጨርቅ ያገሩን ገበያ ስለወሰደበት። የእንግሊዝ ጥጥ ኢንዱስትሪ ዳዴ ያለው ከዚህ አጥር ጀርባ ነው። ባለሙያ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄድ እስከ 1824፣ የመፍተያና የመሸመኛ ማሽን እንዳይወጣ እስከ 1843 በሕግ ከልክሏል፤ ሳሙኤል ስሌተር በ1789 ወደ አሜሪካ የሄደው የአርክራይትን ማሽን አሠራር በጭንቅላቱ ሸክፎ ነው። የሠራተኛ ማኅበርን ያገደው፣ መኪና የሰበረውን የሰቀለው መንግሥት ነው። አሠሪዎች ደመወዝ ላለመጨመር ሁልጊዜና በየቦታው በዝምታ እንደሚተባበሩ የጻፈው ደግሞ ያው የጸሐፊው ምስክር አዳም ስሚዝ ነው። መንግሥት እጁን የሰበሰበው ከአንድ ወገን ብቻ ነበር።

በፈቃዳቸው ያሻሻሉም ነበሩ። ሮበርት ኦወን ስኮትላንድ ውስጥ ኒው ላናርክ በሚገኘው ፋብሪካው ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ አላሠራም አለ፤ ትምህርት ቤትም ከፈተ። ጆን ፊልደን የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ሆኖ ሳለ የሥራ ቀን በ10 ሰዓት እንዲወሰን በፓርላማ ታግሏል። ጸሐፊው እነዚህን ቢጠቅሷቸው ኖሮ የራሳቸው ሐሳብ ይፈርስባቸው ነበር፤ ሁለቱም ሕግ ይውጣ ሲሉ የጮኹ ናቸውና። ጎረቤቱ 14 ሰዓት እያሠራ ብቻውን 10 ሰዓት የሚያሠራ ሰው ይከስራል፤ ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

ሕጉ እንዴት እንደመጣ ማየት ያስተምራል። የ1833ቱ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከአብዛኛው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገደ፤ እስከ 13 ዓመት ላሉት በሳምንት 48 ሰዓት ወሰነ፤ ለመላው አገር አራት ተቆጣጣሪዎች ሾመ። አራት! በመንግሥት ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ስለሆነ ሐኪሞች የልጁን ዕድሜ በቁመቱና በመልኩ ይገምቱ ነበር፤ ጥርስ አይቶ መለየት ይሻላል የሚል ሐሳብም ቀረበ። በ1837 ናሳው ሲኒየር የተባለ የኦክስፎርድ ሊቅ የባለ ፋብሪካው ትርፍ ሁሉ የሚገኘው ከመጨረሻዋ ሰዓት ስለሆነ 10 ሰዓት ከተባለ ኢንዱስትሪው ይጠፋል ብሎ በሒሳብ አስረዳ። በ1847 ለሴቶችና ለወጣቶች 10 ሰዓት ተባለ። ኢንዱስትሪው አልጠፋም፤ ወርቃማ ዘመኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«የመጀመሪያው ትውልድ መከራውን ይቀበል» የሚለው ምክርም እዚሁ ይወድቃል። ጀርመን ዘግይታ የገባች አገር ናት። መራሔ መንግሥቷ ቢስማርክ የሕመም መድን በ1883፣ የሥራ አደጋ መድን በ1884፣ የጡረታ መድን በ1889 ያወጀው የጀርመን ኢንዱስትሪ ገና በሚገሰግስበት ዘመን ነው። ለሠራተኛው አዝኖ አይደለም፤ በ1878 በሕግ ያገዳቸውን ሶሻሊስቶች ደጋፊ ለማሳጣት ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ጀርመን የእንግሊዝን መከራ በሙሉ እስክትደግም አልጠበቀችም፤ ኢንዱስትሪዋም እንግሊዝን ለመቅደም አልተቸገረም። ዘግይቶ የመጣ አገር የቀደመውን ስሕተት እንዲደግም የሚያስገድደው ምን እንደሆነ ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ስለ ሃይማኖት ባጭሩ። በ1851 የእንግሊዝ መንግሥት ባደረገው የአምልኮ ቆጠራ ከሕዝቡ ግማሽ የሚሆነው በቆጠራው እሑድ አምልኮ ቤት አልነበረም፤ ይህ ያኔም ብዙ ቀሳውስትን አስደንግጧል። ያንኑ ያህል ሕዝብ ግን ነበረ፤ ግማሽ የሚጠጋውም የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ትቶ በሜቶዲስቶችና በመሰሎቻቸው ጸሎት ቤቶች ነው የተቀመጠው። ብዙ የፋብሪካ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። የምርጫ መብት ሲጠይቁ በነበሩት ቻርቲስቶች ስብሰባ መዝሙር ይዘመር ነበር፤ ከታወቁት ተናጋሪዎች አንዱ ጆሴፍ ሬይነር ስቲቨንስ የሜቶዲስት ሰባኪ የነበረ ነው። ከሰመ የተባለው ሃይማኖት የተቃውሞው መድረክ ሆኖ ነበር።

«ማሽን ሴትን ከቤት አውጥቶ ነፃ አደረጋት» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሴት ከፋብሪካው በፊት ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም፤ የአውሮፓን ፈትል የፈተለችው እሷ ነበረች፤ መፍተያ ማሽኑ መጀመሪያ የነጠቀው የእሷን እንዝርት ነው። በ1851 በብሪታንያ ትልቁ የሴቶች መተዳደሪያ ፋብሪካ ሳይሆን በሰው ቤት ተቀጥሮ ማገልገል ነበር። በፋብሪካም ክፍያዋ ከወንዱ ያነሰ ነው። ሆኖም የጥጥ ፋብሪካዎች በበዙባት፣ ማንቸስተር በምትገኝባት በላንክሸር አውራጃ ሸማኔ ሴቶች በስማቸው ደመወዝ ተቀበሉ፣ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ማኅበር ተደራጁ፤ በ1901 ወደ 30,000 የሚጠጉ የጥጥ ፋብሪካ ሴቶች የምርጫ መብት ይሰጠን ብለው ፈርመው ለፓርላማ ላኩ። ማሽኑ ነፃ ካወጣቸው ይህ ሁሉ ፊርማ ለምን አስፈለገ?

«የሕዝብ ባህል ሞተ» ሲሉ ደግሞ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ፈገግ አልኩ። ጸሐፊው የእግር ኳስ አፍቃሪ መሆናቸውን ከሌሎች ጽሑፎቻቸው አውቃለሁና።

በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ አዘዘ፤ በእነሱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። ፈታዮቹ ሲወጡ ማሽኑ ይቆማል፤ ወንዶቹም ይወጣሉ። ሌላውም ሙያ ቀስ በቀስ ተከተለ። ቅዱስ ሰኞን የተነጠቀው ሠራተኛ የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ በሕግ አገኘ፤ የእንግሊዝ ጨዋታ ለብዙ ዘመን ቅዳሜ በአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ሲጀምር የኖረው ለዚህ ነው። በ1878 በማንቸስተር የባቡር ፉርጎ ሠራተኞች ኒውተን ሂዝ ብለው ያቋቋሙት ቡድን ዛሬ ማንቸስተር ዩናይትድ ነው። በ1886 ዉልዊች በሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የመሠረቱት አርሰናል ነው፤ የቡድኑ መለያ ላይ ያለው መድፍ ጌጥ አይደለም። ዌስት ሃም በ1895 ከመርከብ ሠሪዎች ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቆ የሚጮኸው ወጣት ያወቀውም ያላወቀውም የፋብሪካ ሠራተኞችን ባህል ወርሷል። በ1883 የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ሸማኔና ፈታይ ያሉበት ብላክበርን ኦሊምፒክ፣ በኢተን ትምህርት ቤት የተማሩ የጌታ ልጆችን ቡድን 2 ለ 1 አሸንፏል። ይህ የሞተ ባህል ከሆነ ሕያው የሆነውን ያሳዩን።

ሌላም አለ። በ1844 ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ሳንቲም አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ የሚሸጡበት ሱቅ ከፈቱ፤ በሚዛኑ የማይሰረቅ፣ ትርፉን እንደየግዢው ለአባላት የሚያካፍል። በእኛም ሰፈር ዘይትና ስኳር የምንሰለፍበት የሸማቾች ማኅበር የዘር ሐረግ እዚያ ይደርሳል። ባቡሩ ደግሞ የሰዓትን ነገር እንደገና ቀየረው፤ ብሪስቶል ከለንደን 10 ደቂቃ ያህል ወደኋላ የሚል የራሷ ሰዓት ነበራት፤ የባቡር መርሐ ግብር ሲመጣ በከተማው መሐል ያለው ሰዓት ሁለት የደቂቃ ቆጣሪ ተገጠመለት፣ አንዱ ለብሪስቶል፣ ሌላው ለለንደን። አገሪቱ በሕግ አንድ ሰዓት የያዘችው በ1880 ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ጸሐፊው በጻፉት ላይ ሳይሆን በዘለሉት ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ማንቸስተር ጥጥ ትፈትላለች፣ ትሸምናለች፣ ትሸጣለች። ጥጥ ግን ላንክሸር ውስጥ አይበቅልም። በ1860 ብሪታንያ ከምታስገባው ጥሬ ጥጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች፣ ከባሮች እጅ ነበር። ብሪታንያ በራሷ ግዛቶች ባርነትን ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የከፈለችው ለባለቤቶቹ ነው፤ ባሮቹ አንድ ሳንቲም አላገኙም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥጡን ሲያስቆመው ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ በ1862 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የላንክሸር ሕዝብ በእርዳታ ይኖር ነበር። አንዳንድ ከተሞች ለደቡብ ወገን አደሉ፤ ረሃብ ነውና አይፈረድም። በታኅሣሥ 31 ቀን 1862 ግን ማንቸስተር ላይ የተሰበሰቡ ሠራተኞች ደቡቡን ለሚወጋው ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለአብርሃም ሊንከን የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ፤ ሊንከንም በጥር 1863 አመስግኖ መለሰላቸው።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚያስነብቡን ቃል ገብተዋል። ጥጡን ማን እንደለቀመው እዚያ ላይ ቢነግሩን ደግ ነው።